የልጅዎ ሲጂፒኤ ለምን 2.81 ሆነ?

ጥያቄው፦ «ልጄ በአንድ መንግሥታዊ ዩኒቨርሲቲ የ2ኛ ዓመት የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ናት። የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤቷ 2.50፣ የሁለተኛው 2.65፣ አሁን የጨረሰችው ሦስተኛው ደግሞ 3.40 ነው። ሦስቱን ደምሬ ለሦስት ሳካፍል 2.85 አገኛለሁ፤ ግሬድ ሪፖርቱ ላይ ግን 2.81 ተጽፏል። ሬጅስትራር ተሳስቶ ይሆን? 2.81 ከ4 ማለት 70 በመቶ ማለት ነው? እንዲህ ተግታ እየተማረች ጠቅላላ ውጤቷ በዚህ ዝግታ የሚያድግ ከሆነ በማዕረግ ልትመረቅ ትችላለች? በ1ኛ ዓመት ሒሳብ ዲ አግኝታለች፤ ደግማ ብትወስደው ይሻላል? ለውጭ አገር ማስተርስ የማመልከት ሐሳብም አላት። ትምህርት ክፍሏ እስከ ምረቃ ያለው ጠቅላላ ክሬዲት 140 ገደማ ነው ብሏታል።»

የተከበሩ ጠያቂ፣

ከጥያቄዎ ጋር ያያያዙትን የሦስት ሴሚስተር ግሬድ ሪፖርት ኮርስ በኮርስ አስልቼ አይቼዋለሁ። 2.81 ትክክለኛ ሲጂፒኤ (የሁሉም ሴሚስተሮች ጠቅላላ አማካይ ውጤት) ነው፤ ከልጅዎ ላይ የተወሰደ ነጥብ የለም። የእርስዎ መደመርና ማካፈልም በራሱ ስህተት የለበትም፤ ዘዴውን ያመጡት ግን ከትምህርት ቤት ካርድ ነው። በካርድ ላይ አማርኛም ሒሳብም ባዮሎጂም እያንዳንዳቸው ከ100 ይያዛሉ፣ ይደመራሉ፣ ለትምህርቶቹ ብዛት ይካፈላሉ፣ ከአማካዩም ደረጃ ይወጣል፤ አንዱ ትምህርት ከሌላው አይበልጥም፣ አያንስም። ልጁን 12 ዓመት በዚህ ካርድ ሲከታተል የኖረ ወላጅ በዩኒቨርሲቲው ወረቀት ላይም ያንኑ ስሌት ቢጠብቅ የሚያስገርም አይደለም። በሬጅስትራር ቢሮ በሠራሁባቸው ዓመታት «ውጤቴ ተሳስቷል» ብለው ከመጡ ተማሪዎች አብዛኞቹ ያቀረቡልኝ ስሌት ይኸው የእርስዎ ስሌት ነበር። ሲጂፒኤው እንዴት እንደሚወጣ ማንም ተቀምጦ ሳያስረዳው የሚመረቅ ተማሪ ብዙ ነው፤ ይህም ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ስሌቱን በ1ኛ ዓመት ያወቀ ተማሪ ሊያስተካክለው የሚችለውን ነገር በ4ኛ ዓመት ያወቀ ተማሪ ሊያስተካክለው አይችልም። ስለዚህ ነገሩን ከመሠረቱ ላስረዳዎት።

በዩኒቨርሲቲ ኮርሶች እኩል አይደሉም። እያንዳንዱ ኮርስ ክሬዲት የሚባል ክብደት አለው፤ ክብደቱም በአብዛኛው ኮርሱ በሳምንት ከሚሰጥበት ሰዓት ጋር የተያያዘ ነው። 4 ክሬዲት ያለው ኮርስ በውጤቱ ላይ አራት እጅ ድርሻ አለው፣ 3 ያለው ሦስት፣ 2 ያለው ሁለት። በግሬድ ሪፖርቱ ላይ ከክሬዲት አወር ጎን ኢሲቲኤስ የሚል ሌላ ዓምድ አይተው ይሆናል። ይህ ከአውሮፓ የተወሰደ መለኪያ ሲሆን መምህሩ ክፍል ከሚገባበት ሰዓት ይልቅ ተማሪው በማንበብ፣ በቤተ ሙከራ፣ በአሳይመንትና በፈተና የሚያጠፋውን ጊዜ ሁሉ ጨምሮ ይቆጥራል፤ ባለ 3 ክሬዲት አወር ኮርስ ብዙውን ጊዜ 5 ኢሲቲኤስ ነው። ስሌቱ በየትኛውም ዓምድ ሊሠራ ይችላል፤ የማይቻለው ግማሹን ኮርስ በአንዱ ዓምድ፣ ግማሹን በሌላው መያዝ ነው። እኔ ከዚህ በታች የያዝሁት ክሬዲት አወሩን ነው።

ሁለተኛው ነገር የፊደሉ ዋጋ ነው። ተማሪዋ በሚድ፣ በፋይናል፣ በኩዊዝና በአሳይመንት ያገኘችው ማርክ ከ100 ተደምሮ ወደ ፊደል ይለወጣል፤ ፊደሉ ደግሞ ወደ ነጥብ ይለወጣል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በሰፊው በሚሠራበት አሠራር ኤ ፕላስም ኤም 4.0 ነጥብ አላቸው፤ ኤ ማይነስ 3.75፣ ቢ ፕላስ 3.5፣ ቢ 3.0፣ ቢ ማይነስ 2.75፣ ሲ ፕላስ 2.5፣ ሲ 2.0፣ ሲ ማይነስ 1.75፣ ዲ 1.0፣ ኤፍ ዜሮ ነው። አንዴ ፊደሉ ከተሰጠ በኋላ የመቶኛው ማርክ ከስሌቱ ይወጣል፤ ወደ ሲጂፒኤ የሚገባው ነጥቡ ብቻ ነው።

2.81ን ወደ 70 በመቶ መለወጥ የማይቻለውም በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ አሠራር 85 ያመጣ ተማሪ ኤ ያገኛል፣ ኤ ደግሞ 4.0 ነው፤ እንደ እርስዎ አቆጣጠር ግን 4.0 ከ4 መቶ በመቶ ሊሆን ነው። 76 ያመጣ ተማሪ ቢ ፕላስ ያገኛል፤ ቢ ፕላስ 3.5 ነው፤ 3.5ን ለ4 ቢያካፍሉት ግን 87.5 ይመጣል፤ ልጁ እንዲህ ያለ ማርክ አላመጣም። ጂፒኤ (ከፊደሎቹ ነጥብ የሚወጣው አማካይ) የመቶኛ ግማሽ ወይም ሩብ አይደለም፤ የራሱ መሰላል ያለው ሌላ መለኪያ ነው። 2.81 የሚናገረው አንድ ነገር ነው፦ የልጅዎ ውጤት ክሬዲት በክሬዲት ሲታይ ከቢ ማይነስ ትንሽ ከፍ፣ ከቢ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ደካማ ውጤት አይደለም። ለመመረቅ የሚጠየቀው 2.00 ነው፤ ያም በጠቅላላው ብቻ ሳይሆን በሜጀር ኮርሶች (በዋናው የትምህርት ዘርፍ ኮርሶች) ተለይቶም ጭምር ይታያል።

የመሰላሉ ደረጃዎች እኩል ርቀት የላቸውም፤ ይህን ብዙ ተማሪ አያስተውለውም። ከቢ ወደ ቢ ፕላስ መውጣት 0.5 ነጥብ ያስገኛል፤ ከቢ ፕላስ ወደ ኤ ማይነስ መውጣት ግን 0.25 ብቻ፤ ከኤ ወደ ኤ ፕላስ መውጣት ምንም። ከዲ ወደ ሲ ማይነስ መውጣት ደግሞ 0.75 ያስገኛል። ለፋይናል ፈተና የመጨረሻዎቹን ቀናት የምታጠና ተማሪ ኤዋ በተረጋገጠበት ኮርስ ላይ ተጨማሪ ሌሊት ከምታሳልፍ ይልቅ 73 ወይም 74 ላይ ቆሞ ወደ ቢ ፕላስ ሊሻገር በተቃረበው ባለ 4 ክሬዲት ኮርስ ላይ ብታሳልፈው በጂፒኤዋ ላይ የሚታይ ለውጥ ታገኛለች። 74 እና 75 በማርክ የሚለያዩት በአንድ ነው፤ በባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ላይ ግን ያ አንድ ማርክ 1.5 ነጥብ ይዞ ይመጣል ወይም ይዞ ይሄዳል። የመምህሩን የማርክ ድምር ማየትና ስህተት ካለ በጊዜው መጠየቅ የተማሪው መብት የሆነውም ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ልጅዎ የመጀመሪያ ሴሚስተር እንግባ። ስድስቱ ኮርሶች እያንዳንዳቸው 3 ክሬዲት ስለነበራቸው ድምሩ 18 ክሬዲት ነው። በኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ ቢ አግኝታለች፤ 3 ጊዜ 3.0፣ 9 ነጥብ። በጄኔራል ሳይኮሎጂ ቢ ፕላስ፤ 10.5 ነጥብ። በሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ ሲ ፕላስ፤ 7.5። በጂኦግራፊ ቢ፤ 9። በጄኔራል ፊዚክስ ሲ፤ 6። በሒሳብ ዲ፤ 3። ሲደመር 45 ነጥብ ይሆናል፤ 45 ለ18 ሲካፈል 2.50። ፊዚካል ፊትነስ የተባለው ኮርስ በወረቀቱ ላይ ቢኖርም በስሌቱ ውስጥ የለም፤ የሚሰጠው ፊደል «አልፏል» ወይም «አላለፈም» ከማለት በስተቀር ነጥብ የለውም።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እንይ። ያ ዲ ቢ ቢሆን ኖሮ ድምሩ 51 ነጥብ፣ ጂፒኤዋም 2.83 ይሆን ነበር። አንድ ኮርስ ብቻውን ከስድስት ኮርሶች ድካም ላይ 0.33 ወስዷል። ልጅዎ በሌሎቹ አምስት ኮርሶች የሠራችው ሥራ መጥፎ አልነበረም፤ ሴሚስተሩ የተጎዳው በአንድ ቦታ ነው። ብዙ የ1ኛ ዓመት ተማሪ 2.50 የሚል ወረቀት ተቀብሎ «ለዩኒቨርሲቲ አልሆንም» ብሎ ተስፋ ሲቆርጥ አይቻለሁ፤ ወረቀቱን ኮርስ በኮርስ ቢያነበው ግን የሚነግረው ሌላ ነገር ነበር።

በሁለተኛው ሴሚስተር 20 ክሬዲት ወስዳ 53 ነጥብ አግኝታለች፤ 53 ለ20፣ 2.65። በሦስተኛው 15 ክሬዲት ወስዳ በአራት ኮርሶች ቢ ፕላስ፣ በአንዱ ቢ አግኝታለች፤ ይህም 51 ነጥብ ነው፤ 51 ለ15፣ 3.40። ሲጂፒኤ ማለት እነዚህን ሦስት ውጤቶች ደምሮ ለሦስት ማካፈል አይደለም፤ ነጥቡን ሁሉ በአንድ ወገን፣ ክሬዲቱን ሁሉ በሌላ ወገን ደምሮ ማካፈል ነው። ነጥቡ 45፣ 53 እና 51፤ ድምሩ 149። ክሬዲቱ 18፣ 20 እና 15፤ ድምሩ 53። 149 ለ53 ሲካፈል 2.811 ይመጣል፤ በሁለት አኃዝ ሲጻፍ 2.81።

በእርስዎ 2.85 እና በሬጅስትራሩ 2.81 መካከል ያለው 0.04 የመጣው እንግዲህ ከዚህ ነው፦ ልጅዎ ምርጥ ውጤቷን ያገኘችበት ሴሚስተር ከሦስቱ ሁሉ ክሬዲቱ ያነሰው ነበር። ለሦስት ሲያካፍሉት ለ15 ክሬዲትም ለ20 ክሬዲትም እኩል ድርሻ ሰጥተዋል። ነገሩ ተገላብጦ በጎው ሴሚስተር 20 ክሬዲት፣ ደካማው 15 ክሬዲት ቢሆን ኖሮ የሬጅስትራሩ ቁጥር ከእርስዎ ቁጥር በልጦ ይገኝ ነበር፤ ያኔ ደግሞ ማንም ለአቤቱታ አይመጣም ነበር።

«ለምን በዝግታ ያድጋል» ላሉት፣ ከሦስተኛው ሴሚስተር በፊት ሲጂፒኤዋ 98 ነጥብ ለ38 ክሬዲት፣ ማለትም 2.58 ነበር። በአንድ ሴሚስተር ከ2.58 ወደ 2.81 መድረስ ቀርፋፋ አይደለም፤ ከዚህ በኋላ እንዲህ ያለ ዕድገት በአንድ ጊዜ ማየት እየከበደ ይሄዳል። ሲጂፒኤ እንደ ጎተራ ነው፤ ገና ሲጀመር አንድ ቁና ቢጨመርበት ከፍታው ይታያል፣ ሲሞላ ግን ያው አንድ ቁና እምብዛም አይታወቅም። በሚቀጥለው ሴሚስተር 17 ክሬዲት ወስዳ ሁሉንም ኤ ብታገኝ 68 ነጥብ ትጨምራለች፤ 217 ለ70፣ ሲጂፒኤዋ 3.10 ይሆናል፤ በአንድ ጊዜ 0.29 ትወጣለች። ይህንኑ ድንቅ ሴሚስተር ግን ለመጨረሻ ብታቆየው፣ ማለትም 123 ክሬዲት በ3.20 ጨርሳ በመጨረሻዎቹ 17 ክሬዲቶች ሁሉንም ኤ ብታገኝ፣ የምትደርሰው 3.30 ላይ ነው፤ ዕድገቱ 0.10 ብቻ። ጥረቱ አንድ ነው፤ የሚሰጠው ከፍታ ግን ሦስት እጥፍ ያህል ይለያያል። «በ4ኛ ዓመት እጠነክራለሁ» የሚል ተማሪ ባገኘሁ ቁጥር ይህን ስሌት ወረቀት ላይ ጽፌ አሳየው ነበር፤ ከብዙ ምክር ይልቅ የሚሰማው ይህን ነው።

የማዕረግ ጥያቄዎን በዚሁ መንገድ እንመልሰው። ማዕረግ በስፋት የሚሰጠው በሦስት እርከን ነው፦ ሲጂፒኤ 3.25 እና ከዚያ በላይ በማዕረግ፣ 3.50 እና ከዚያ በላይ በከፍተኛ ማዕረግ፣ 3.75 እና ከዚያ በላይ በእጅግ ከፍተኛ ማዕረግ። ኤፍ ያለበት ተማሪ ቁጥሩ ቢሞላ እንኳ ማዕረጉን ሊከለከል ስለሚችል የዩኒቨርሲቲዋ ሴኔት ሕግ የሚለውን ማንበብ ያስፈልጋል።

ጠቅላላው 140 ክሬዲት ከሆነ ልጅዎ የጨረሰችው 53 ነው፤ 87 ይቀራታል። 140 ክሬዲት በ3.25 ለመጨረስ 455 ነጥብ ያስፈልጋል። በእጇ 149 አለ። የሚጎድለው 306 ነጥብ ነው፤ 306 ለ87 ሲካፈል 3.52። ስለዚህ ከአሁን ጀምሮ በአማካይ 3.52 ከያዘች በማዕረግ ትመረቃለች። ይህ ማለት ኮርሶቿ በሙሉ በቢ ፕላስ አካባቢ ሆነው እዚህም እዚያም ኤ ማይነስ ወይም ኤ ሲገባባቸው ነው። ባለፈው ሴሚስተር 3.40 የያዘች ተማሪ ከዚህ ብዙ አልራቀችም፤ እኔ በበኩሌ ሊደረስበት የሚችል ግብ ነው እላለሁ። ለከፍተኛ ማዕረግ 490 ነጥብ ስለሚያስፈልግ በቀሪዎቹ 87 ክሬዲቶች 3.92 መያዝ ይጠበቅባታል፤ ይህ ማለት ከሞላ ጎደል ሁሉንም ኤ ማግኘት ነው፤ በስሌት ይቻላል፣ ግን ግብ አድርጎ መያዙ ልጅቷን ያስጨንቃት እንደሆነ እንጂ አይጠቅማትም። እጅግ ከፍተኛው ማዕረግ ግን ተዘግቷል፤ የሚፈልገው 4.32 ነው፤ ከ4.0 በላይ ነጥብ ደግሞ የለም። ከ3.00 በላይ ሆና ለመመረቅ ብቻ ከሆነ የሚበቃት በቀሪው ትምህርት 3.11 ወይም 3.12 መያዝ ነው።

ይህንን ስሌት እርስዎ ራስዎ በየሴሚስተሩ መሥራት ይችላሉ። የሚፈለገውን ሲጂፒኤ በጠቅላላው ክሬዲት ያባዙ፣ በእጅ ያለውን ነጥብ ይቀንሱ፣ የተረፈውን ለቀሪው ክሬዲት ያካፍሉ። የሚመጣው ቁጥር ልጅዎ ከዚያ ቀን ጀምሮ መያዝ ያለባት አማካይ ነው። እያንዳንዱ ሴሚስተር ሲያልቅ ይህ ቁጥር ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሄዳል፤ ሲጂፒኤውን ብቻ ከማየት ይልቅ ይህን ቁጥር መከታተል የበለጠ ይነግርዎታል።

የሒሳቡን ዲ በተመለከተ መልሱ በአንድ ሕግ ላይ ይንጠለጠላል፤ ያም ኮርሱ ሲደገም አሮጌው ፊደል በአዲሱ ይተካል ወይስ ሁለቱም ይቆጠራሉ የሚለው ነው። የሚተካ ከሆነና ልጅዎ ቢ ካገኘች ክሬዲቱ 53 እንደሆነ ይቆያል፣ ነጥቡ ግን ከ149 ወደ 155 ይወጣል፤ ሲጂፒኤዋ 2.92 ይሆናል። ሁለቱም የሚቆጠሩ ከሆነ ደግሞ ነጥቡ 158፣ ክሬዲቱ 56 ይሆንና ውጤቱ 2.82 ነው፤ ለአንድ ሴሚስተር ድካም 0.01 ማለት ነው። ከዚህ ሌላ፣ ኮርስ መድገም በተማሪው ፈቃድ ብቻ የሚሆን አይደለም፤ በማለፊያ ውጤት ላይ ያለ ተማሪ ዲውን እንዲደግም የማይፈቅዱ ደንቦች አሉ፤ ሲ ወይም ከዚያ በላይ ያገኘበትን ኮርስ መድገም ደግሞ በአብዛኛው አይፈቀድም። ልጅዎ ለሬጅስትራር ወይም ለአካዳሚክ አማካሪዋ የምታቀርበው ጥያቄ እንግዲህ «መድገም ይሻላል ወይ?» የሚል ሳይሆን «መድገም ይፈቀድልኛል ወይ? ከተፈቀደልኝስ የትኛው ፊደል ይቆጠራል? በትራንስክሪፕቱ ላይስ ሁለቱም ይታያሉ ወይ?» የሚል መሆን አለበት።

ቁጥሩን ወደ ጎን ትተን ካየነው፣ የሒሳቡ ዲ ሌላ ነገርም ይናገራል። በተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ የ1ኛ ዓመት ሒሳብ ለብዙ ኮርሶች መሠረት ነው። ደንቡ እንድትደግም ባይፈቅድላትም እንኳ ያንን ኮርስ በክረምት በራሷ ደግማ ብታነበው በሚመጡት ኮርሶች የምታገኘው ትርፍ ከስድስቱ ነጥብ ሊበልጥ ይችላል። አንድ ባለ 4 ክሬዲት ኮርስ ከሲ ወደ ቢ ፕላስ ቢሻገር ብቻውን 6 ነጥብ ነው፤ የሒሳቡን ዲ ደግማ ወስዳ ቢ ከማግኘቷ ጋር እኩል ነው።

ወደ ውጭ አገር ማመልከቻው እንለፍ። የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያዩት ከምረቃ በዓል የሚገኘውን ማዕረግ ሳይሆን ትራንስክሪፕቱን ነው፤ ብዙዎቹም ወደ ራሳቸው መለኪያ ይለውጡታል። በጀርመን በሰፊው የሚሠራበት ቀመር ከፍተኛውን ውጤትና ዝቅተኛውን የማለፊያ ውጤት ይዞ ያሰላል። ከፍተኛው 4.00፣ ማለፊያው 2.00 ተብሎ ሲያዝ 3.00 ያለው ተማሪ በጀርመን አቆጣጠር 2.5 ያገኛል፣ 3.25 ያለው ደግሞ 2.1 ገደማ። በጀርመን ትልቁ ውጤት 1.0 ስለሆነ ቁጥሩ ማነሱ መልካም ነው፤ ይህን ባለማወቅ «ውጤቴን ቀነሱት» ብለው የደነገጡ አመልካቾች ገጥመውኛል። ብዙ የማስተርስ ፕሮግራሞች 2.5ን እንደ ወሰን ስለሚይዙ ለልጅዎ 3.00ን ማለፍ ከማዕረጉ ቀጥሎ ትርጉም ያለው ግብ ነው።

በአሜሪካ ደግሞ መለኪያው እንደእኛው እስከ 4.0 ስለሆነ ምንም የማይለወጥ ይመስላል፤ ሆኖም በመካከል ያሉት ፊደሎች ዋጋቸው ይለያል። በአሜሪካ ኮሌጆች በብዛት ቢ ፕላስ 3.3፣ ኤ ማይነስ 3.7 ነው። የልጅዎ ሦስተኛ ሴሚስተር አራት ቢ ፕላስና አንድ ቢ ስለሆነ ፊደሉ እንዳለ ተወስዶ በዚያ ዋጋ ቢሰላ 3.40 መሆኑ ቀርቶ 3.24 ይሆናል። የውጭ ሰነዶችን የሚገመግሙ ድርጅቶች ኮርስ በኮርስ ሲያሰሉ የሚያወጡት ቁጥር በትራንስክሪፕቱ ላይ ካለው ጋር ሁልጊዜ የማይገጥመውም ለዚህ ነው። በማመልከቻ ቅጽ ላይ ጂፒኤ ሲጠየቅ በትራንስክሪፕቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከነመለኪያው፣ ለምሳሌ «3.12 ከ4.00» ብሎ መጻፍ ትክክለኛው መንገድ ነው፤ ራስ በራስ ለውጦ መጻፍ በኋላ የሐሰት መረጃ ሊመስል ይችላል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና በዚህ ሁሉ ስሌት ውስጥ እንደማይገባም ይወቁ። ተማሪው ለመመረቅ በፈተናው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት አለበት፤ 90 ቢያመጣ ግን ሲጂፒኤው አይጨምርም፣ 51 ቢያመጣም አይቀንስም። ሁለቱ ለየብቻ የሚታለፉ በሮች ናቸው።

የዚህኛው ወረቀት ስሌት ትክክል ሆኖ ተገኘ ማለት ግን ሬጅስትራር አይሳሳትም ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ጥያቄዎን በማንሳትዎ ጥሩ አድርገዋል። በሠራሁበት አንድ ተቋም የተደገመ ኮርስ አሮጌው ፊደል ሳይሰረዝ ቀርቶ ሁለቱም ለሁለት ዓመት ሲቆጠሩ እንደነበር የተገኘው ተማሪዋ በእጇ አስልታ ስለመጣች ነው፤ ያ ስህተት ባይታረም ኖሮ ማዕረጓ ይቀርባት ነበር። በየሴሚስተሩ መጨረሻ መታየት ያለባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ የእያንዳንዱ ኮርስ ክሬዲት ከካሪኩለሙ ጋር ይገጥም እንደሆነ፣ ያልተመዘገበችበት ወይም በአድና ድሮፕ (ኮርስ በሚጨመርበትና በሚተውበት) ጊዜ የተወችው ኮርስ ገብቶ እንደሆነ፣ ፊደሉ ያልገባ ኮርስ ካለም በምን ምክንያት እንደሆነ። ኤንጂ (ፊደል ያልተሰጠው) ወይም ኢንኮምፕሊት (ያልተሟላ) የሚል ምልክት ያለበት ኮርስ ፊደሉ እስኪገባ ድረስ በስሌቱ ውስጥ ስለማይኖር በዚያ ጊዜ የሚታየው ሲጂፒኤ ጊዜያዊ ነው። አንዳንድ ተማሪ ኤንጂው ጂፒኤውን እንዳልነካው አይቶ ይረሳዋል፤ የጊዜ ገደቡ ሲያልፍ ግን ወደ ኤፍ ሊለወጥ ይችላል፤ ባለ 4 ክሬዲት ኤፍ ደግሞ ክሬዲቱን ለማካፈያው እየጨመረ ነጥብ አይሰጥም። የውጤት አቤቱታም የተወሰነ ጊዜ ስላለው ወረቀቱ በወጣ በቀናት ውስጥ መታየት አለበት እንጂ የሚቀጥለው ሴሚስተር እስኪያልቅ መቆየት የለበትም።

አሁን የሚያስፈልገኝን ያህል እርግጠኛ ያልሆንሁበት አንድ ቁጥር ይቀራል፤ እሱም «140 ገደማ» ያሉት ነው። ልጅዎ ከትምህርት ክፍሏ የጸደቀውን ካሪኩለም ወስዳ ጠቅላላውን ክሬዲት በትክክል ትደምረው። 140 ሳይሆን 145 ሆኖ ከተገኘ ለማዕረግ የሚያስፈልጋት ነጥብ ወደ 471.25 ያድጋል፤ ቀሪው ክሬዲት ግን 92 ስለሚሆን በየሴሚስተሩ መያዝ ያለባት አማካይ ከ3.52 ወደ 3.50 ዝቅ ይላል፤ ማለትም ልክ ቢ ፕላስ።